ካታሊስት ሲጨመር ምርቱ ለምን አይበዛም? ፈተና ደርሷል እርዱኝ

የሐይቅዳር12
ሰላም ለሁላችሁ። 12ኛ ክፍል ነኝ እዚሁ ሀዋሳ። ሰሞኑን ሞዴል ተፈትነን አንድ ጥያቄ ተሳስቼ እስካሁን አልዋጥልኝ ብሏል። ጥያቄው 1 ሊትር በሚይዝ ዝግ እቃ ውስጥ 1 ሞል ሃይድሮጅንና 1 ሞል አዮዲን ገብቶ ሃይድሮጅን አዮዳይድ ይሰራል፣ ኬሲው (ኢኩሊብሪየም ላይ ምርቱ ከመነሻዎቹ ጋር ያለውን ምጥን የሚለካው ቁጥር) 49 ነው፣ ኢኩሊብሪየም ላይ፣ ማለትም የሚሄደውና የሚመለሰው ሪአክሽን ፍጥነት እኩል ሲሆን፣ ስንት ሞል ሃይድሮጅን አዮዳይድ ይኖራል ይላል። እሱን ሰርቼ 1.56 መጣልኝ። ቀጥሎ ግን ፕላቲነም ካታሊስት (ሪአክሽን የሚያፈጥን፣ ራሱ ግን የማያልቅ ነገር) ቢጨመርስ ይላል፣ እኔ ይበዛል አልኩ፣ መልሱ ግን እዛው 1.56 ነው ተባለ። ቲቸራችንን ስጠይቀው ካታሊስት ኢኩሊብሪየምን አይነካም ብለሽ ያዢው አለኝ። መያዙንማ ይዣለሁ፣ ለምን የሚለው ነው ያልገባኝ። ፈጥኖ የሚሰራ ነገር እንዴት ብዙ አይሰራም??

ታቦር_ስር
እህቴ ስሌትሽ ልክ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ 2ኛ ዓመት ነኝ እኔም ተቸግሬበት ነበር። የገባኝ እንዲህ ሳስበው ነው፦ ታቦር ተራራን ውሰጂ። ሰው ከከተማው በኩል ወደ ሐይቁ በኩል በአናቱ እየተሻገረ ነው እንበል፣ ከሐይቁም የሚመለስ አለ። አቀበቱ ከባድ ስለሆነ በሰዓት የሚሻገረው ትንሽ ሰው ነው። ያ አቀበት አክቲቬሽን ኢነርጂ ነው። ካታሊስት ማለት አናቱ ላይ ሳትወጪ በጎኑ ዝቅ ብሎ የሚያልፍ ሌላ መንገድ ማለት ነው። ግን መንገድ ከተከፈተ ለሚሄደውም ለሚመለሰውም ነው የተከፈተው፣ ለሂያጁ ብቻ የሚሰራ መንገድ የለም። ከተማውም ሐይቁም ያሉበት ከፍታ ደግሞ ያው ነው አልተነካም። አንቺ የረሳሽው የሚመለሱትን ነው።

የሐይቅዳር12
እሺ ይሄ ገባኝ አመሰግናለሁ! ግን ሁለቱም ፈጠኑ እንበል፣ የሚሄደው ከሚመለሰው ትንሽ በልጦ ቢፈጥንስ? ያኔ ምርቱ ይበዛል አይደል እንዴ?

ቲቸር_ነበርኩ
ልጄ ዋናው ጥያቄ አሁን የጠየቅሽው ነው፣ ብዙ ተማሪ እዚህ ሳይደርስ ነው ሸምድዶ የሚያልፈው። በቁጥር እንየው። ፎርዋርዱ (የሚሄደው) 80 ኪሎ ጁል አቀበት አለው እንበል፣ ሪአክሽኑ 20 ኪሎ ጁል ሙቀት የሚያወጣ፣ ኤክሶተርሚክ የሚባለው ስለሆነ ሪቨርሱ (የሚመለሰው) ከታች ተነስቶ ነው የሚወጣው፣ 100 ይሆንበታል። ካታሊስት ጨመርሽና ጫፉ በ20 ዝቅ አለ። ጫፉ አንድ ነው፣ የጋራ ነው፣ ስለዚህ ፎርዋርዱ 60 ሪቨርሱ 80 ሆነ፣ ከሁለቱም ላይ የተቀነሰው ያው 20 ነው። አሁን ኬሚስቱ አሬኒየስ በ1889 እ.ኤ.አ. ባወጣው የፍጥነት ቀመር ስሪው፣ በ25 ዲግሪ የ20 ኪሎ ጁል ቅናሽ ፍጥነቱን ወደ 3200 እጥፍ ያሳድገዋል። ፎርዋርዱም 3200፣ ሪቨርሱም 3200። ኬሲ ደግሞ የፎርዋርዱ የፍጥነት ኮንስታንት ለሪቨርሱ ሲካፈል ነው፣ ላይና ታች በ3200 ስታበዢ ይጣፋል፣ ኬሲሽ 49 እንደሆነ ይቀራል።

ሌላም ማስረጃ አለ እኔ በጣም የምወደው። ካታሊስቱ ኢኩሊብሪየሙን ወደ አንድ ጎን መግፋት ቢችል ኖሮ፣ ዝግ እቃ ውስጥ አንዴ እያስገባሽ አንዴ እያወጣሽ ሪአክሽኑን ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ትችዪ ነበር፣ በዛ ደግሞ ያለ ምንም ነዳጅ ሞተር ታዞሪ ነበር። ከምንም ተነስቶ ጉልበት የሚሰጥ ነገር ደግሞ የለም።

አዳማ_ናቹራል
ቲቸር ይቅርታ በሷ ጥያቄ ልግባና፣ ኤክሶተርሚክ ሪአክሽን ሲሞቅ ፎርዋርዱ ይቀንሳል ሪቨርሱ ይጨምራል ብዬ ነው የያዝኩት፣ ልክ ነኝ? ሌላው ደግሞ ካታሊስት ምርት ካልጨመረ ፋብሪካዎች ምን ሊሰራላቸው ነው ያን ሁሉ ብር የሚያወጡበት?

ቲቸር_ነበርኩ
የመጀመሪያው ስህተት ነው፣ ፈተና ላይም በጣም ይመጣል ተጠንቀቅ። ሲሞቅ ሁለቱም ይፈጥናሉ። ያንኑ 80 እና 100 ወስደህ ከ25 ወደ 35 ዲግሪ አሙቀው፣ ፎርዋርዱ ወደ 2.9 እጥፍ ይሆናል፣ ሪቨርሱ ወደ 3.7 እጥፍ። ሁለቱም ጨመሩ፣ ግን አቀበቱ የበዛበት በልጦ ጨመረ፣ ለዛ ነው ኢኩሊብሪየሙ ወደ ኋላ የሚያዘነብለው። የሌ ሻተሊየር ሕግ (ኢኩሊብሪየም ሲነካ ወደየት እንደሚያዘነብል የሚናገረው) የት እንደሚያርፍ ነው የሚነግርህ፣ በምን ፍጥነት እንደሚደርስ አይነግርህም። ሁለቱን አታቀላቅል።

የፋብሪካው ጥያቄህ ደግሞ ግሩም ነው። አሞኒያን ውሰድ፣ ገበሬው የሚበትነው ዩሪያ ከሱ ነው የሚሰራው። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ሲዋሃዱ ሙቀት ያወጣሉ፣ 2 ሞል አሞኒያ ሲሰራ ወደ 92 ኪሎ ጁል፣ ስለዚህ ብዙ ምርት የሚገኘው ቀዝቀዝ ሲል ነው። ግን ሲቀዘቅዝ ሪአክሽኑ ከመንቀርፈፉ የተነሳ አይንቀሳቀስም፣ የናይትሮጅን ሶስትዮሽ ቦንድ በቀላሉ አይላቀቅም። ካታሊስት ከሌለ ለመፍጠን በጣም ማሞቅ አለብህ፣ በጣም ካሞቅክ ምርቱ ይጠፋል። ኬሚስቱ ሃበር በ1909 እ.ኤ.አ. ያሳየው፣ ቦሽ ወደ ፋብሪካ ያወረደው ይሄን ነው፣ በ1913 እ.ኤ.አ. ጀርመን ኦፓው ላይ ማምረት ተጀመረ። ዛሬ ባብዛኛው ከ400 እስከ 450 ዲግሪ፣ ወደ 200 አትሞስፌር ፕሬዠር፣ ካታሊስቱ ብረት ነው። በዛም ሆኖ ጋዙ አንዴ ሲያልፍ ወደ 15 በመቶው ብቻ ነው አሞኒያ የሚሆነው፣ እሱን አቀዝቅዘው ፈሳሽ አድርገው ያወጡታል የቀረውን ጋዝ መልሰው ያስገቡታል። አየህ፣ ብረቱ ኢኩሊብሪየሙን አልገፋም፣ ኢኩሊብሪየሙ የተሻለ በሆነበት ዝቅ ባለ ሙቀት ላይ መስራት እንዲቻል ነው ያደረገው።

የልጆች_እናት
እኔ ተማሪ አይደለሁም ልጄን ሳስጠና ነው ያነበብኩት። እርሾስ ካታሊስት ነው ይባላል እውነት ነው? እዚህ ሀዋሳ ሊጤ ቶሎ ነው የሚደርሰው ደብረ ብርሃን እህቴ ጋ ግን ብርዱ ነው መሰለኝ አንድ ቀን ይጨምራል።

ላብራቶሪ_ሰራተኛ
እናቴ ጥሩ ጥያቄ ነው። እርሾው ራሱ ካታሊስት አይባልም፣ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ሕይወት አላቸው ይበላሉ ይራባሉ፣ ካታሊስት የሚባሉት ሰውነታቸው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ናቸው። የደብረ ብርሃኑ ደግሞ የሙቀት ጉዳይ ነው፣ እርሾው ያው ሆኖ ብርዱ ነው የሚያዘገየው።

ለጠያቂዋ፣ በእጅሽ ሞክሪው በጣም ይገባሻል። ከፋርማሲ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዢ፣ ጉበት ደግሞ ከስጋ ቤት ትንሽ ለምኚ ወይ አሞራ ገደል ዓሳ ከሚያርዱት ልጆች ጋ የአምባዛ ጉበት አታጪም። ጉበት ውስጥ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን ይበትነዋል። ሁለት ባዶ ሃይላንድ ውስጥ 50 50 ሚሊ ሊትር ፐርኦክሳይድ አድርጊ፣ አንዱ ውስጥ ትንሽ ቁራጭ ሌላው ውስጥ ሶስት እጥፍ ጉበት ጨምሪና አፉ ላይ ፊኛ አጥልቂ ሰዓት ያዢ። ክዳኑን ግን እንዳትከድኚው፣ ጋዝ ስለሚወጣ ይፈነዳል፣ ፐርኦክሳይዱም ዓይንሽ እንዳይገባ። በሶስተኛ ሃይላንድ የተቀቀለ ጉበትም ሞክሪ።

ቲቸር_ነበርኩ
በጣም ጥሩ ሀሳብ። አንድ ነገር ብቻ፣ ይሄ ሪአክሽን ወደ ኋላ አይመለስም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ኢኩሊብሪየሙን አያሳይሽም። የሚያሳይሽ ካታሊስት ሲበዛ ሰዓቱ እንጂ የጋዙ መጠን እንደማይለወጥ ነው።

የሐይቅዳር12
ሞከርኩት!! ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር። ትንሹ ጉበት ያለበት ፊኛ መነፋት እስኪያቆም 6 ደቂቃ ገደማ ፈጀ፣ ብዙው ያለበት 2 ደቂቃ እንኳን አልሞላም፣ መጨረሻ ላይ ግን ሁለቱ ፊኛዎች ጎን ለጎን ሲያዙ እኩል ናቸው። የተቀቀለው ምንም አላለም ፊኛው እንደተኮማተረ ቀረ። እኔ ብዙ ጉበት ያለበት ትልቅ ፊኛ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፣ ከዛ ሳስበው ጋዙ የሚመጣው ከፐርኦክሳይዱ ነው እሱ ደግሞ ሁለቱም ጋ 50 ነው። የሃይድሮጅን አዮዳይዱንም በቲቸር መንገድ ድጋሚ ሰራሁት፣ 3200ው ላይና ታች ሲጣፋ በራሴ እጅ አየሁት። አንድ የቀረኝ፣ ዝግ እቃው ውስጥ ሂሊየም ቢጨመርና ፕሬዠሩ ቢጨምርስ ኢኩሊብሪየሙ ይንቀሳቀሳል?

ታቦር_ስር
እቃው ካልሰፋ አይንቀሳቀስም። ሂሊየሙ ጠቅላላውን ፕሬዠር ጨመረ እንጂ የሃይድሮጅኑንም የአዮዲኑንም ኮንሰንትሬሽን አልነካም፣ ሞሉም ሊትሩም ያው ነው። ኬሲው ውስጥ ቁጥሮቹን መልሰሽ አስገቢና እይው።