በስታንድባይ (ወንበር ከተረፈ ብቻ በሚያሳፍረው የአየር መንገድ ሠራተኛ ትኬት) ለሚጓዙ አባላትና ቤተሰቦቻቸው የአለባበስ ደንብ፦ የጋራ ረቂቃችን

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ በሚገኘው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በተለያዩ አየር መንገዶች የምንሠራ ሁሉ የምንፈርምበትን ረቂቅ አብረን እንድናርም እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው አንቀጽ «በሠራተኛ ትኬት የሚጓዝ ሁሉ ሥርዓት ያለው ልብስ ይልበስ» ይላል።

አባል፣ ከጌት ሠራተኞች፦
ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን «ሥርዓት ያለው» የሚለው ቃል በእኔና በባልደረባዬ ዓይን አንድ ትርጉም የለውም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ዩናይትድ አየር መንገድ በሠራተኛ ትኬት ከዴንቨር ወደ ሚኒያፖሊስ ሊበሩ የነበሩ ሁለት ታዳጊ ልጃገረዶችን ሌጊንግ (እግር ላይ የሚጣበቅ ሱሪ) በመልበሳቸው ሲከለክል፣ ደንቡ ከፍሎ የሚጓዘውን መንገደኛ እንደማይመለከት ቢያስረዳም፣ ቁጣው በቀላሉ አልበረደም፤ አጠገባቸው ቆሞ የሚያይ ሰው ይህን ልዩነት ከየት ያውቀዋል? ስለዚህ የሚከለከለው በስሙ ይጠራ፦ የተቀደደ ጂንስ፣ የመኝታ ልብስ፣ የገላ መታጠቢያ ነጠላ ጫማ፣ ስድብ የተጻፈበት ካናቴራ።

አባል፣ ከሻንጣ ክፍል፦
እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ የወላጆቻችን ጉዳይ ነው። እናቶቻችን ለጉዞ የሚመርጡት የክብር ልብሳቸውን፣ ሐበሻ ቀሚስና ነጠላን ነው፤ ይሁን እንጂ ልብሱን አይቶ የማያውቅ ሠራተኛ ቢጠራጠር፣ ስማቸው የሚጠራው በሩ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ስለሆነ፣ ለማስረዳትም ሆነ ለመቀየር ጊዜ አይኖርም። የባህል ልብስ የተፈቀደ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። በረጅም በረራ እግራቸው ስለሚያብጥም፣ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ክፍት ጫማ ይፈቀድላቸው። (ለአጠገባቸው መንገደኛ «ልጄ በነፃ ነው የላከችኝ» እንዳይሉም ቢመከሩ መልካም ነው፤ የእኔ እናት ለረድፉ ሁሉ አውርታለች።)

አባል፣ ከበረራ አስተናጋጆች፦
ቢዝነስ ክፍል ቦታ ሊገኝ ስለሚችል ወንዶች ኮት ይልበሱ የሚል አንቀጽ ቢጨመርስ?

አባል፣ ከጌት ሠራተኞች፦
ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን አልደግፍም። ደንብ የጣሰው ዘመድ ቢሆንም የጉዞ መብቱ የሚታገደው ሠራተኛው ነው፤ አንቀጽ በጨመርን ቁጥር የምንጎዳው እኛው ነን።

ጸሐፊ፦
የኮቱ ሐሳብ ይቅር፤ ሌሎቹን አስገብቻለሁ። አሁን የሚቀረው ወላጆች የሚያነቡት አንድ ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ ነው።

አባል፣ ከሻንጣ ክፍል፦
እኔ አዘጋጀዋለሁ። መጀመሪያ ለእናቴ አነብላታለሁ፤ ካልገባት እንደገና እጽፈዋለሁ።