ኮዬ ፈጬ አካባቢ ሊኑክስ የሚጭን ሰው ጠቁሙኝ

ባለ ፎቶኮፒ፦ ሰላም ቤተሰብ። ኮዬ ፈጬ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሦስት አሮጌ ዴስክቶፕ፣ ሁሉም ባለ 4 ጊጋ ራም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፣ 11 ደግሞ እነዚህን ማሽኖች አይቀበልም። ቱሉ ዲምቱ ወይም ቃሊቲ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃና ኮዱ ክፍት የሆነ ሲስተም የሚጭን ታውቃላችሁ? እንጀራዬ ማመልከቻ መጻፍ ስለሆነ አማርኛው የግድ ነው።

የገላን ልጅ፦ ቃሊቲ እንዳትሄድ! አምና ላፕቶፔን ፎርማት ላስደርግ አንድ ቤት ሰጠሁ። ሲመልሱልኝ 8 የነበረው ራም 4 ሆኗል። ልጁ ዓይን ዓይኔን እያየ "ድሮም 4 ነበር" አለኝ። የልጄ የልደት ፎቶም አብሮ ጠፋ።

ቀይ ነጥብ፦ እኔ ሳልሰጥ በፊት ክዳኑን ፈትቼ ራሙ ላይ በሚስቴ ጥፍር ቀለም ነጥብ አደርጋለሁ።

ደንበኛ፦ እኛ ሰፈር ያለው ልጅ ጋ ሂድ። ስድስት ዓመት ደንበኛው ነኝ።

ቀይ ነጥብ፦ ሊኑክስ ይጭናል?

ደንበኛ፦ እሱን አላውቅም። የስልክ ስክሪን ግን እንደሱ የሚቀይር የለም።

አቦል፦ ወገን፣ ሁላችን ክራክ በተደረገ ዊንዶውስ እየሠራን ስለ ሉዓላዊነት እናወራለን። ፋይዳን እዩ። የተሠራው ሞሲፕ በሚባል የመታወቂያ ሶፍትዌር ላይ ነው፣ ህንድ ባንጋሎር የተጀመረ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ። ኩባንያው ዋጋ ቢጨምርስ፣ ፈቃድ ቢከለክልስ ብለህ አትሰጋም፣ የራስህ ልጆች ከፍተው ያስተካክሉታል።

የገላን ልጅ፦ ሉዓላዊነት በ4 ጊጋ ራም! ፕሮሰሰሩንስ ዱከም ነው የሠራነው?

አቦል፦ ቀልድ። ቢያንስ ሶፍትዌሩን አትለምንም።

ሌሊት ሠራተኛ፦ ባለ ፎቶኮፒ፣ ማንም ጋ አትሂድ፣ ራስህ ትችለዋለህ። ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን አውርድ፣ ለ4 ጊጋ ይሆናል። ፍላሽ ላይ አድርገህ ሳትጭነው አስነሳውና መጀመሪያ ፕሪንተሩን ሞክር፣ ሰው የሚቸገረው እዚያ ላይ ነው። እንደ ወርድ መጻፊያ የሚሆንህ ሊብሬ ኦፊስ አብሮት ይመጣል፣ የአማርኛ ኪቦርዱን ከሴቲንግ ትጨምራለህ። የድሮ ደብዳቤዎችህን ግን እያቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ፎንቱ ከሌለ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ሆኖ ነው የሚከፈተው።

ደንበኛ፦ እኔ ግን አሁንም ልጁን ነው የምለው።

ባለ ፎቶኮፒ፦ አመሰግናለሁ፣ የፕሪንተሩን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም። የገላን ልጅ፣ ያ ቃሊቲ ያልከው ቤት ደረጃው ሥር ያለው ነው እንዴ? አንዱ ዴስክቶፔ ከትናንት ጀምሮ እዚያ ነው።