«ኪሎዋት በሰዓት» ወይስ «ኪሎዋት ሰዓት»?

ጥያቄ፦ «ኪሎሜትር በሰዓት» ፍጥነት ነው። «ኪሎዋት በሰዓት» ሲባልስ? ሁለቱ ላይ ያለው «በ» አንድ ነው? ዜና ላይ በሰማሁት ቁጥር ግራ ይገባኛል።

መልስ፦ አንድ አይደለም። ግራ ቢገባዎት አይፈረድብዎትም። 60 ኪሎሜትር በሰዓት ስንል መንገዱን ለጊዜው እያካፈልን ነው። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ግን ያባዛል። ባለ 100 ዋት አምፖል 10 ሰዓት ቢበራ 1,000 ዋት ሰዓት ይፈጃል። ይኸውም 1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ «በ»ን ያንሱት።

አስተያየት፦ ግን እኮ አማርኛ ለማባዛትም «በ» ይላል። «ሦስት በአራት የሆነ ክፍል» እንል የለ? ሰዉ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም።

መልስ፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ እውነትዎን ነው። «በ» ሁለቱንም ይሸከማል። ችግሩ ከኋላው «ሰዓት» ሲመጣ ነው። ያኔ ጆሯችን ቀጥታ ወደ ኪሎሜትር በሰዓት ይሄዳል። ከዚያ «5 ኪሎዋት በሰዓት የሚያመነጭ ጄኔሬተር» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወለዳል። እዚህ ሰዓቱን ምን አመጣው? ጄኔሬተሩ 5 ኪሎዋት ነው፣ አለቀ።

ፍጥነቱ እኮ ዋት ውስጥ አስቀድሞ አለ። 1 ዋት ማለት 1 ጁል በሰከንድ ነው፤ ጁል የኢነርጂ መለኪያ ነው። ግን ዋት የሰው ስም ስለሆነ ይህ ከቃሉ አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ1882 መሐንዲሱ ዊልያም ሲመንስ መለኪያው በእንፋሎት ሞተር ሥራው በሚታወቀው በጄምስ ዋት ስም ይጠራ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ሰከንዷም ስሙ ውስጥ ተደብቃ ቀረች።

«ኃይል» የሚለው ቃላችንም ነገሩን ያከብደዋል። 100 ግራም ገደማ የሚመዝን ነገር መዳፍዎ ላይ ያስቀምጡ። መዳፍዎን ወደ ታች የሚጫነው 1 ኒውተን ያህል ነው። 1 ሜትር ወደ ላይ ሲያነሱት 1 ጁል ያህል አወጡ። ያንን በ1 ሰከንድ ከጨረሱት ደግሞ 1 ዋት ያህል ሆነ። ሦስቱም «ኃይል» ሲባሉ ሰምቻለሁ። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን መለኪያው ብቻ ነው። ስለ አንዲት «በ» ድርቅ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የስልክ ባትሪ ላይ የሚጻፈው «ሚሊአምፔር ሰዓት»ስ?

መልስ፦ እሱም ማባዛት ነው። አምፔር የሚለካው ኮረንቲን ነው። እኛ ኤሌክትሪክን በሙሉ «ኮረንቲ» እንላለን እንጂ፣ ቃሉ በመጣበት በጣሊያንኛ «የሚፈስ፣ የሚሮጥ» ማለት ነው። 1 አምፔር በየሰከንዱ 1 ኩሎም (የኤሌክትሪክ ቻርጅ መለኪያ) ሲያልፍ ነው። 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የተባለ ባትሪ 1 አምፔር ለ5 ሰዓት ሊሰጥ ይችላል። 5 ሰዓት 18,000 ሰከንድ ስለሆነ፣ በኩሎም ከቆጠሩት 18,000 ይሆናል።