የጨጓራ ካንሰር በባክቴሪያ መድኃኒት ይድናል? እባካችሁ ቶሎ!

የእናቷ ልጅ (ደሴ)፦ የእናቴ የናሙና ውጤት ዛሬ ከሰዓት ደረሰ፤ «የጨጓራ ማልት ሊምፎማ» ይላል። ካንሰር ነው ብለውን ሲያበቁ የታዘዘላት የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ብቻ ነው፤ የሁለት ሳምንት ክኒን! ኬሞቴራፒ የለ፣ ቀዶ ሕክምና የለ። ሌሊቱን አዲስ አበባ የሚያደርሰን መኪና እየፈለግሁ ነው። ክኒኑን ትተወው?

የቦርከና ልጅ፦ ተልባና ጥቁር አዝሙድ በማር፣ በባዶ ሆድ። አክስቴን ያሻላት እሱ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ካንሰር ከባክቴሪያ ይመጣል ያለው ማን ነው? ይህ ባክቴሪያ በስንቱ ሰው ሆድ ውስጥ አለ! እንዲያ ቢሆን ሁላችንም ታመን ነበር። ውጤቱ ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮ ይሆናል።

ጡረተኛው መምህር፦ ሰኞ ገበያ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መደምደሚያዎ ግን ትክክል አይደለም። ባክቴሪያው ኤች ፓይሎሪ ይባላል። የጨጓራ ቁስለት መንስኤ መሆኑን ያሳዩት አውስትራሊያውያኑ ማርሻልና ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ባክቴሪያው ለዓመታት ሲቀመጥ ሰውነት የመከላከያ ሕዋሳቱን ወደ ጨጓራ ይልካል፤ እነርሱ ሲባዙ ሲባዙ አንዳንዶቹ ከቁጥጥር ይወጣሉ፤ ማልት ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ ግን የሚያድጉት ባክቴሪያው እየቀሰቀሳቸው ነው። ቀስቃሹ ሲጠፋ እነርሱም ይከስማሉ። ባክቴሪያው ካለበት ሰው አብዛኛው ግን በዚህ ካንሰር አይያዝም።

የሐረጎ መንገደኛ፦ እኔም ተልባ እላለሁ። ቡናም ትቀንስ፤ በረካውን እኔ መጥቼ እጠጣላታለሁ። እግዚአብሔር ይማርልሽ።

ፋርማሲስት (ኮምቦልቻ)፦ እህቴ፣ ሐኪሙ ችላ አላላትም፤ የካንሰሩ ሕክምና ራሱ ያ መድኃኒት ነው። ዕጢው ከጨጓራ ካልወጣና ዝግ ብሎ የሚያድገው ዓይነት ከሆነ፣ ባክቴሪያው ሲጠፋ ከአራት ታማሚዎች በሦስቱ ገደማ ዕጢውም ይጠፋል። ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ኢንዶስኮፒው (ጨጓራን በካሜራ ማየቱ) እየተደገመ ይታያል። ወረቀቱ ወደ ፈጣኑ ዓይነት ተለውጧል ይላል? ባክቴሪያውስ በናሙናው ታይቷል? ሲቲ ስካን ተነሥታለች? አዲስ አበባ ለእነዚህ መሄድ ይጠቅማል፤ የሌሊት ጉዞ የሚያስፈልገው ግን አይደለም። መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ ባክቴሪያው መጥፋቱ በሰገራ ይመርመር፤ ከዚያ በፊት ለሁለት ሳምንት ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ መቀነሻው) መቆም አለበት። የደም ምርመራ አይሆንም፤ ባክቴሪያው ከሞተም በኋላ «አለ» ሊል ይችላል።

የእናቷ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ትንሽ ተነፈስኩ። ባክቴሪያው አለ ይላል። ሲቲ ስካን ገና ነው። የታዘዘው ኦሜፕራዞል፣ ክላሪትሮማይሲንና አሞክሳሲሊን ነው፤ ከእራት በኋላ ትጀምራለች። ድሮ ፔኒሲሊን ተወግታ ፊቷ አብጦ መተንፈስ አቅቷት ስለነበር መርፌ ትፈራለች። ክኒን በመሆኑ ደስ ብሏታል።

ፋርማሲስት (ኮምቦልቻ)፦ እንዳትውጥ! አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ወገን ነው፤ በአፍ መወሰዱ ከአደጋው አያድናትም። ይህን ለሐኪሙ ነግራችሁታል? አሁኑኑ ደውዪለት። ቢስሙዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ከኦሜፕራዞል ጋር የሚሰጥበት ሌላ ሕክምና አለ፤ እርሱ ይወስን። ውጣው ከሆነና ፊቷ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

የቦርከና ልጅ፦ ተልባው ግን ጉዳት የለውም።

ፋርማሲስት (ኮምቦልቻ)፦ እህቴ፣ እራት በልታለች? መልሺልኝ።