አዋሽ ፓርክ ነኝ፤ የቀይዋ ንብ በል ወፍ ላባ አልታይ አለኝ፤ ሌንሴ ተበላሽቶ ይሆን?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ባለ ማረፊያ ውስጥ ነኝ፤ የቀረኝ የነገ ጠዋት ብቻ ስለሆነ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ካርማይን የምትባለውን ቀይ ንብ በል ወፍ ሳነሳ ውዬ ማታ ፎቶዎቹን በላፕቶፕ ስከፍታቸው ወፏ ላባ የሌላት፣ በቀይ ቀለም የተለቀለቀች ሆና አገኘኋት። ኮሪ በሚባለው ትልቅ ወፍ ጀርባ ላይ ተቀምጣ ያነሳኋት ፎቶ እንኳ እንደዚያው ነው፤ ያን ለማየት ሦስት ዓመት ጠብቄአለሁ። ሌንሱ እንደተበላሸ አልጠራጠርም። ንጋት ላይ አዳማ ወስጄ ላሠራው አስቤአለሁና ሌንስ የሚጠግን ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ፈጣን ሻተር፦ የሻተር ፍጥነትዎን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ወደ 1/2000 ሰከንድ ከፍ ያድርጉ። ንብ በል ወፍ በጣም ፈጣን ስለሆነች ስትበር ከዚያ በታች ልትደበዝዝ ትችላለች።

የወንዝ ዳር ሰው፦ ከካሜራው በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ በየጊዜው የማየው ነገር ስለሚያሳዝነኝ ነው። እነዚህ ወፎች በወንዝ ዳር ገደል ላይ ረጅም ጉድጓድ ቆፍረው በመንጋ የሚራቡ ናቸው። ፎቶ አንሺው ከጉድጓዱ አፍ ፊት ለፊት ሲቆም ወላጆቹ ምግብ ይዘው መግባት ይፈራሉ፤ ከላይ ሆኖ ገደሉን የሚረግጥ ደግሞ አፈሩን ሊንድባቸው ይችላል። የተቀዳ ድምፅ እያሰሙ መጥራትም እንዲሁ ነውር ነው። ከመኪናዎ ሳይወርዱ፣ ስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ) የሚልዎትን ሰምተው ያንሱ።

ጠያቂ፦ ከመኪና አልወረድኩም፤ ገደሉ ዘንድም አልደረስኩም። ሻተሩም 1/2500 ነበር።

የሜዳ ተጓዥ፦ ኮሪው ለተሳፋሪዋ ሒሳብ አለመጠየቁ ደግነት ነው! የሚከፍለው ግን አንበጣው ነው፤ ኮሪው ሣሩን እየረገጠ ሲሄድ አንበጣው ይነሣል፣ እሷም ከጀርባው ላይ ተነሥታ ትለቅማለች። ስለዚህ ነገ ወፏን አያሳድዱ፤ በዝግታ የሚራመደውን ኮሪ ፈልገው አቅጣጫውን አይተው ቀድመው ይቁሙ፣ እሷ ራሷ ትመጣለች። ቅርንጫፍ ላይ ካገኟትም ትዕግሥት ያድርጉ፤ ንቧን ይዛ ስትመለስ መርዙን ለማውጣት እንጨቱ ላይ ትፈትጋታለችና ፎከሱን አስቀድመው እዚያው ላይ ያኑሩት።

ፈጣን ሻተር፦ 1/2500ም ካልበቃ 1/3200 ይሞክሩ።

ብርሃን ፈላጊ፦ ሌንሱ ተበላሽቷል የሚለውን አልቀበልም። የሚፈልጉትን መልስ ለማግኘት ሦስት ጥያቄ ይመልሱልኝ። የዚያችው ወፍ ራስ፣ ማለትም ሰማያዊ አረንጓዴው ክፍል፣ ላባው ይታያል? ሌላ ወፍ አንስተዋል? ያነሱት በራው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ነው ወይስ በጄፔግ (ካሜራው ራሱ አቀነባብሮ በጨመቀው ፎቶ)?

ጠያቂ፦ ራሷ ላይ ያለው ላባ አዎን፣ ጥርት ብሎ ይታያል። ሮለር የሚባለውን ሊላ ቀለም ደረት ያለው ወፍም አንስቻለሁ፤ በጣም ቆንጆ ወጥቷል። ጄፔግ ነው፤ ቀለሙ ደማቅ እንዲሆን ቪቪድ ላይ አድርጌዋለሁ። እኩለ ቀን ላይ የተነሱት ግን ሮለሩም ሳይቀር ደብዝዘዋል።

ብርሃን ፈላጊ፦ እንግዲያስ አዳማ አይሂዱ። የተበላሸ ሌንስ የአንዲቱን ወፍ ራስ አጥርቶ ደረቷን አያደበዝዝም። የሆነው የቀዩ ቀለም ከልክ በላይ መሞላት ነው። ካሜራው የብርሃኑን መጠን ሲገምት፣ ነጠላው ሂስቶግራምም (በፎቶው ያለውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ሲሳል፣ ይበልጥ የሚያደላው ለአረንጓዴ ሲሆን ለቀይ የሚሰጠው ድርሻ 30 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሂስቶግራሙ ደህና መስሎ እየታየ ቀዩ ለብቻው ጫፍ ይነካል፣ ላባን ከላባ የሚለየው የጥላ ልዩነትም በዚያው ይጠፋል። ቪቪዱ ደግሞ ይህንኑ አባብሶታል። ነገ በራው ያንሱ፤ ቀለሙን ኒውትራል (ቀለም የማያደምቀው ምርጫ) ላይ ያድርጉት፤ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ፣ ማለትም በብርሃን መለኪያው ሁለት ሦስተኛ እርከን፣ ይቀንሱ፤ ከሁሉም በላይ ሦስቱን ቀለሞች ለየብቻ የሚያሳየውን ሂስቶግራም ከፍተው የቀዩ መስመር ቀኝ ጫፍ እንዳይደርስ ይጠብቁ። ፎቶው ጨለም ቢልም አይፍሩ፤ ራው ስለሆነ በኋላ በላፕቶፑ ማብራት ይቻላል። የዛሬው ጄፔግ ግን የጠፋው ላባ አይመለስለትም፤ ስለ ኮሪው ፎቶ ከልብ አዝኛለሁ።

ጥርጣሬው ካልለቀቅዎት አሁኑኑ አንድ የብር ኖት ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ 3 ሜትር ያህል ርቀው፣ ካሜራውን በሚገባ አስደግፈው ያንሱት። ጥቃቅኑ ጽሑፍ ከተነበበ ሌንሱ ጤነኛ ነው።

የመንገድ ሹፌር፦ እንግዶችን ወደዚያ ሜዳ ዓመታት አመላልሻለሁ፤ የእኩለ ቀኑን ልመልስልዎ። እሱ ሙቀቱ ነው። ከምድር የሚነሣው ትኩስ አየር ይርገበገባል፤ በሩቅ የቆመችውን ሳላ (ረጅም ቀንድ ያላት የዱር እንስሳ) በዓይንዎ ቢያይዋት እግሯ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ረጅም ሌንስ ይህን ያጎላዋል እንጂ አያስተካክለውም። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨርሱ፤ በተቻለ መጠን ከቅርብ ያንሱ። የመኪናውን ማቀዝቀዣ አጥፍተው መስኮቶቹን ቀድመው ይክፈቱ፤ ቀዝቃዛውና ትኩሱ አየር መስኮቱ ላይ ሲገናኙ ያው መርገብገብ ሌንስዎ አፍ ላይ ይፈጠራልና።

ፈጣን ሻተር፦ ኒውትራል ያደረጉ እንደሆነም ሻተሩን አይርሱ።

ብርሃን ፈላጊ፦ የብር ኖቱን አነሱት? ከመተኛትዎ በፊት ውጤቱን ቢጽፉልኝ ነቅቼ እጠብቃለሁ።