በክረምት የሚከፈልበት ሥራ ለምህንድስና ተማሪ፦ ድሬ ወይም ሐረር ላይ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ የሐረሯ መካኒካል

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት መካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ሐረር ናቸው። ሰኔ ላይ ፈተና ከጨረስኩ በኋላ እስከ መስከረም ሥራ መያዝ እፈልጋለሁ። ከትምህርቴ ጋር ቢገናኝ ደስ ይለኛል፤ ክፍያው ግን የግድ ነው። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የታናናሾቼ ወጪ እናቴ ላይ ወድቋል፤ ስለዚህ «በነጻም ቢሆን ግቢና ልምድ ያዢ» የሚለው ምክር ለእኔ አይሆንም።

ፋብሪካ በር ላይ ስደርስ ጥበቃው «ደብዳቤ አለሽ?» ይላል። ትምህርት ክፍላችን ደግሞ ደብዳቤ የሚጻፈው ለአራተኛ ዓመት ኢንተርንሺፕ ብቻ ነው አለኝ። ያለ ደብዳቤ የገባችሁ ካላችሁ እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ።

መልስ፦ የሳቢያን ሳይት

እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ለይልኝ። በአራተኛ ዓመት የሚወጣው ኢንተርንሺፕ የትምህርቱ አካል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ይልካል፣ ድርጅቱ ይቀበላል፣ ውጤት ይሞላል። አንዳንዱ የትራንስፖርትና የምሳ ይሰጣል፣ ብዙው ምንም አይሰጥም። አንቺ የምትፈልጊው ግን ጊዜያዊ ቅጥር ነው። በር ላይ «ኢንተርንሺፕ ፈልጌ ነው» ካልሽ ወዲያው ደብዳቤ ይጠይቁሻል። ስለዚህ «ጊዜያዊ ሥራ ለመጠየቅ ነው፤ የሰው ኃይል ክፍልን ወይም የጥገና ኃላፊውን ማነጋገር እፈልጋለሁ» በይ።

በኮንስትራክሽን በኩል የማውቀውን ልንገርሽ። ደጋው ጭቃ ሲሆን ድሬ ላይ ሥራው ብዙም አይቆምም። ሳይት ላይ ታይም ኪፐር፣ ስቶር ኪፐርና የማሽን መዝገብ ያዥ ሁሌም ይፈለጋል። ለመካኒካል ተማሪ የሚሻለው የኮንትራክተሩ ጋራዥ ነው፦ ኤክስካቫተሩና ሎደሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ነዳጅ እንደበላ፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የሚመዘግብ ሰው። ይህን በኤክሴል ሠርተሽ ካሳየሽ ፕሮጀክት ማናጀሩ ያይሻል። የሚወስነው እሱ ነው፤ አዲስ አበባ ያለውን ዋና መሥሪያ ቤት አትጠብቂ።

አንድ ነገር አደራ። ሳይቱ ዳቻቱ ወንዝ ዳር ከሆነ ክረምት ላይ እቃ ጥበቃ ወይም አዳር አትቀበይ። ጎርፉ የሚመጣው ድሬ ላይ ጠብ ሳይል፣ ከላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ነው። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው እንዲህ ነው።

መልስ፦ ከጥገና ክፍል

ልጄ፣ እኔ ሲሚንቶ ፋብሪካ ጥገና ላይ ነው ያረጀሁት። ፋብሪካ ተጨማሪ እጅ የሚፈልገው ሲቆም ነው። ማቃጠያው ምድጃ በየጊዜው ይቆማል፤ ቀዝቅዞ የውስጡ የእሳት ጡብ ይቀየራል፣ ኮንቬየሩ ይፈታል፣ ኩሽኔታው ይለወጣል። በዚያ ጊዜ ረዳት በቀን ሂሳብ ይቀጠራል። ስኳር ፋብሪካዎችም ክረምት ላይ መፍጨት አቁመው ዓመታዊ ጥገና ይይዛሉ፤ መተሐራ ዘመድ ካለሽ ያንንም ጠይቂ። ስለዚህ «ክፍት ቦታ አለ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «ትልቁ ጥገና መቼ ነው? ረዳት ትይዛላችሁ ወይ?» በይ።

ፋብሪካው ካልሆነ ከተማ ውስጥ ያሉትን ቶርኖ ቤቶች፣ ብረት በማሽን እያዞሩ የሚቀርጹትን፣ አትናቂ። ድሬ ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ የድሮው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ያፈራቸው ባለሙያዎች ሙያውን ለልጆቻቸውና ለረዳቶቻቸው አውርሰዋል። እዚያ ቤት በካሊፐር ለክቶ፣ የተሰበረ ዘንግ አይቶ ንጹህ ስዕል የሚያወጣ ሰው ጥቅም አለው። አውቶካድ ወይም ሶሊድወርክስ ከቻልሽ በስዕል ሂሳብ ተስማሚ። ክፍያው በቁራጭ ነው፤ የምታይው ሥራ ግን ክፍል ውስጥ አይገኝም።

ደህንነትን በተመለከተ ቃሌን ያዢ። ማሽን ውስጥ እጅሽን ወይም ራስሽን ከማስገባትሽ በፊት ኤሌክትሪኩ ተቆርጦ፣ ማብሪያው ተቆልፎ፣ ቁልፉ በሥራው ላይ ባለ ሰው ኪስ መሆኑን በዓይንሽ እይ። ታንክና ሳይሎ ውስጥ ብቻሽን አትግቢ። አዲስ ልጅ ስለሆንሽ «ቶሎ በይ» የሚልሽ ይኖራል። እምቢ ብለሽ ሥራው ቢቀርብሽ ይቅር።

መልስ፦ የሰው ኃይል ሠራተኛ

በሕጉ በኩል ልጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሙያ ለማጅነት በቀር ለትምህርት ወይም ለሥልጠና የሚደረግን ውል አይሸፍንም። «ኢንተርን» ተብለሽ ብቻ ከገባሽ በአዋጁ መከራከር ይከብድሻል፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ ሆነሽ ከገባሽ ግን ይሸፍንሻል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው ውሉ ከተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት ጽፎና ፈርሞ ሊሰጥሽ ይገባል። መደበኛው ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ቀን ላይ ከሠራሽ በሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል።

ለግል ድርጅት የተቆረጠ አነስተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ተደራደሪ። ፋይዳ፣ የግብር መለያ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ አሁኑኑ አዘጋጂ። ብዙ ሰው ሥራ አግኝቶ የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካሰብሽ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ ሁሉም ሂሳብ ሲዘጋ ነው፤ ሐምሌም እስኪረጋጋ ይፈጃል። የሚሻልሽ ቆጠራው ነው። ሰኔ 30 አካባቢ መጋዘን ያለው ብዙ ድርጅት ንብረት ይቆጥራል፤ መለዋወጫ ከመለዋወጫ የሚለይ ሰው ደግሞ ይጠፋል። መልካ ጀብዱ በኩል ነጻ የንግድ ቀጣናው አካባቢ ያሉ መጋዘኖችን ከግንቦት ጀምሮ ጠይቂ።

መልስ፦ አምስተኛ ዓመት ኢንዱስትሪያል

እኔ ባለፈው ክረምት የገባሁት በቆጠራ ነው። ቆጠራው ሲያልቅ የመለዋወጫ ካርዱን አስተካክዬ ስለነበር እስከ ጳጉሜ አቆዩኝ።

ቤትሽ ሐረር ከሆነ ግን በየቀኑ የደንገጎን ዳገት እየወጡና እየወረዱ ድሬ መሥራት አያዋጣም፤ የትራንስፖርቱን ሂሳብ መጀመሪያ አስቢ። ሐረር ቢራን፣ ሐማሬሳ ዘይትንና የከተማውን ብረታ ብረት ቤቶች አስቀድሚ። ወደ ሐረማያና አወዳይ ደግሞ ገበሬው በፓምፕ ነው የሚያጠጣው፤ ፓምፕ የሚሸጡና የሚጠግኑ ቤቶች አሉ። ኦሮምኛሽ ጥሩ ከሆነ እዚያ ከማንም ትበልጫለሽ። የሌሊት ሽፍት ከሰጡሽ ሰርቪስ መኖሩን ሳታረጋግጪ አትፈርሚ።

መልስ፦ ሮቤል መካ

እኔ ግን አልስማማም። ትልቅ ድርጅት በነጻ ገብቶ ስም መያዝ ለኋላ ይጠቅማል፤ ሲቪ ላይ የሚታየው እሱ ነው።

መልስ፦ ከጥገና ክፍል

አቦ ሮቤል፣ አቅም ላለው ልክ ነህ። እሷ ግን የቤቷን ነገር ነግራናለች። እጇ የሠራ ልጅ ቶርኖ ቤትም ብትሠራ ጠያቂው ሁለት ጥያቄ ጠይቆ ያውቃታል።

የሐረሯ መካኒካል

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጥገናውን ነገር ነገ እጠይቃለሁ። አንድ ልጅ ደግሞ «ፋብሪካ አስገባሻለሁ፣ ለምዝገባ ቅድሚያ ክፈዪ» ብሎኛል። ምን ላድርግ? ማመልከቻውስ ምን ይላል?

መልስ፦ የሰው ኃይል ሠራተኛ

አትክፈዪ። ሕጋዊ የሥራ አገናኝም ቢሆን ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ አይቀበልም። ድርጅቱ ራሱ ለምዝገባ ብር አይጠይቅም።

ማመልከቻውን አጭር አድርጊው፦ «ለጥገና ክፍል ኃላፊ። የሦስተኛ ዓመት መካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ በጊዜያዊ ሠራተኝነት መሥራት እችላለሁ። በአውቶካድ ስዕል፣ በካሊፐርና በማይክሮሜትር ልኬት፣ በኤክሴል የመለዋወጫና የማሽን መዝገብ እሠራለሁ። በጥገና ወይም በቆጠራ ወቅት ረዳት የምትፈልጉ ከሆነ በዚህ ስልክ ጥሩኝ።» የማትችይውን አትጻፊ፤ እዚያው ያስሠሩሻል። አንድ የሠራሽውን ስዕል አትመሽ አያይዢ፣ ግልባጩን ለሰው ኃይል ክፍል ስጪ፣ የተቀበለሽን ሰው ስምና ቀኑን ጻፊ። በሳምንቱ ካልደወሉ ራስሽ ሂጂ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ኃላፊው ወደ ወርክሾፕ ከመውረዱ በፊት።