የኮሎኝ የቤተሰብ ጉብኝት፦ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ በልጆቹ የትምህርት ቤት ዕረፍት እዚህ ጀርመን ከዶርትሙንድ ተነሥተን የኮሎኝን ከተማ ከነቤተሰባችን የምንጎበኝበትን ዕቅድ ለኮሚቴው በጋራ እናቀርባለን። መነሻ ሐሳቤ ይህ ነው፤ ጠዋት ካቴድራሉ፣ ቀጥሎ የእንስሳት ማቆያው፣ ከዚያ የራይንን ወንዝ በአየር ላይ የሚያሻግረው የገመድ መኪና፣ ወደ ማታ የቸኮሌት ሙዚየሙ። እሑድ ቅዳሴ ስላለብን ቅዳሜ ቢሆን ይሻላል። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

አንዲት እናት፦
እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን የሕፃን ጋሪ ለምንገፋ ሰዎች አራት ቦታ በአንድ ቀን ሩጫ ነው። የእንስሳት ማቆያው ለብቻው አንድ ቀን ይፈልጋል። እርሱና የገመድ መኪናው ለሌላ ጊዜ ይቆዩልን። የደከመ ልጅ የቱንም ያህል የሚያምር ነገር ቢያሳዩት ዓይኑ አያርፍበትም።

አንድ አዛውንት አባል፦
ልጆቼ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ካቴድራሉ ውስጥ፣ ከዋናው መሠዊያ በስተኋላ፣ በወርቅ የተለበጠ ትልቅ ሣጥን አለ። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የሰብአ ሰገል ዐፅም ያረፈው በዚያ ነው። በእነርሱ አቆጣጠር በ1164 የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ ከሚላኖ አመጣው። የዛሬው ሕንፃ ለዚህ የሚመጥን ቤት ይሁን ተብሎ በ1248 ተጀመረ፤ ሥራው ለረጅም ዘመን ተቋርጦ ቆይቶ የተፈጸመው በ1880 ነው። ልጆቻችን በልደት በዓል ስለ ወርቁ፣ ስለ ዕጣኑና ስለ ከርቤው ይዘምራሉ። እዚያ ቆመው ታሪኩን ቢሰሙ እንዴት ደስ ባለኝ! እባካችሁ በችኮላ አንለፈው፤ ለዚህ ብቻ አንድ ሰዓት መድቡልኝ።

የወጣቶች ተጠሪ፦
አባባ ያሉት ይጽደቅ፤ ታሪኩንም እርስዎ ራስዎ ይንገሩን። ወጣቶቹ ደግሞ የደቡቡን ማማ መውጣት ይፈልጋሉ። 533 ደረጃ ነው፣ አሳንሰር የለውም፣ ትኬቱም ለብቻው ይገዛል። እኛ እስክንወርድ ሌሎቻችሁ በደቡብ በኩል ያለውን የሠዓሊውን የጌርሃርድ ሪክተርን መስኮት ተመልከቱ። በ2007 የተመረቀ ሲሆን ከ11,000 በላይ ባለቀለም የመስታወት ቁራጮች አሉት። ፀሐይ ስታርፍበት ቀለሙ ወለሉ ላይ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ብሩህ ቀን ይግጠመን።

ሒሳብ ያዥ፦
ምሳ ከየቤታችን ይዘን ብንሄድ ብዙ ወጪ እናድናለን። ሆኖም ትልልቅ ሻንጣ ይዞ ካቴድራሉ ውስጥ መግባት አይፈቀድም። ደግነቱ ሕንፃው ከዋናው ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ላይ ነው፤ ምግቡን በጣቢያው የዕቃ ማስቀመጫ አኑረን፣ ስንጨርስ ወስደን ራይን ዳር ሣሩ ላይ እንበላለን። ወርኃዊው የዶይችላንድ ቲኬት ያላችሁ በክልል ባቡር ስለምንሄድ ተጨማሪ አትከፍሉም። የሌላችሁ አሳውቁኝ፤ የቡድን ትኬት እገዛለሁ።

እናትዮዋ እንደገና፦
ቀኑን ጾም አይቼ እንድንቆርጠው እፈልጋለሁ። በቸኮሌት ሙዚየሙ ከሚፈስሰው የቸኮሌት ምንጭ ብስኩት እየነከሩ ለጎብኚው ያድላሉ፤ ወተት አለበት። ፍልሰታን ደግሞ ልጆቻችን በፍቅር የሚጾሙት ጾም ነው። ሌላው ልጅ ሲቀምስ የእኛዎቹ ቆመው እንዲያዩ አልሻም፤ ጾማቸውን እንዲሽሩም አልሻም። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በጀርመኖቹ ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 ማለት ነው። ከዚያ መካከል አንድ ቅዳሜ ይመረጥ።

የወጣቶች ተጠሪ፦
እስማማለሁ። ከሙዚየሙ ወጥተን ወደ ኋላ ከመመለስ የዶይትዝን ድልድይ በእግር እንሻገር። ማዶ ወንዙ ዳር ሰፊ ደረጃዎች አሉ፤ ካቴድራሉ ከነመንታ ማማው ፊት ለፊት ይታያል፤ የፍቅረኞች ቁልፍ የሞላበት የሆኸንዞለርን ድልድይም አጠገቡ ነው። የዶይትዝ ባቡር ጣቢያ ቅርብ ስለሆነ ከዚያው እንሳፈራለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንግዲህ ለኮሚቴው የማቀርበው ይህን ነው፤ በሁለቱ ጾሞች መካከል በሚውል ቅዳሜ፣ ጠዋት ካቴድራሉ ከአባባ ትረካ ጋር፣ ራይን ዳር ምሳ፣ የቸኮሌት ሙዚየም፣ ማታ ዶይትዝ። የእንስሳት ማቆያው ተሰርዟል። በጸሎት ሰዓት ጉብኝት ስለማይፈቀድ የካቴድራሉን የቅዳሜ መርሐ ግብር፣ እንዲሁም የክፍለ ሀገራችን የዕረፍት ጊዜ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ትክክለኛውን ቀን አጣራለሁ። ጋሪ የምትይዙ፣ ደረጃ የሚከብዳችሁ አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ማማው ለሚወጡት ልጆችም ከወጣቶቹ ሌላ አብረው የሚወጡ ሁለት ወላጆች እፈልጋለሁ።